ምርቃቱ የሚሰማበት ገበታ፦ ለልዩ ቀን ቢሾፍቱ ላይ ሬስቶራንት ስትመርጡ

አባዬ ጡረታ ሲወጣ ቤተሰቡ እራት ሊጋብዘው ተስማማ። 34 ዓመት ያስተማረ ሰው ነው። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር፣ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ሲዞር ያየሁት አንድ ሬስቶራንት። ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ለብሷል፣ ብርጭቆው ያብለጨልጫል። ምግቡም ክፉ አልነበረም።

ከምግቡ በኋላ አባዬ ሊመርቅ ተነሣ። እጁን ዘረጋ። እኛም መዳፋችንን ከፍተን አንገታችንን ደፋን። ልክ አፉን ሲከፍት ከጀርባችን ያለው ስፒከር ተለቀቀ። ለካ ቅዳሜ ማታ ዲጄ አለ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየናል፣ ድምፁ ግን አይሰማም። በግምት «አሜን» አልን። ሁለት ሦስት ቃል ሞክሮ፣ ፈገግ ብሎ ተቀመጠ። ያ ፈገግታ ዛሬም ያመኛል።

ከዚያ ወዲህ ለእንዲህ ያለ ቀን ቦታ ስመርጥ የመጀመሪያው ጥያቄዬ አንድ ነው። እዚህ ቤት አንድ ትልቅ ሰው ተነሥቶ ቢመርቅ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ላለው ይሰማል ወይ? ሐይቁ፣ ሜኑው፣ ፎቶው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ምክንያቱም እኛ ዘንድ ልዩ ቀን ሲባል ምግቡ መንገድ ነው፤ መድረሻው ምርቃቱ ነው።

ቢሾፍቱን የመረጥኩት በደንብ ስለማውቀው ነው። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በክፍያ መንገዱ ቶሎ ይደረሳል። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ ራሱ ቢሾፍቱ ሐይቅ፣ ሁሉም በአንድ ከተማ ዙሪያ ናቸው። ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር ወይም አርባ ምንጭ ላላችሁ ስሙን ቀይራችሁ አንብቡት፤ አካሄዱ ያው ነው።

በትንሽ ከተማ «ፋይን ዳይኒንግ»፣ ማለትም ደረጃውን የጠበቀ ምርጥ ሬስቶራንት፣ ሊኖር አይችልም የሚል ሰው ያጋጥመኛል። አልስማማም። ዲሲ አካባቢ የምትኖሩ ታውቁት ይሆናል፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ዋሽንግተን የምትባል፣ ነዋሪዋ 200 እንኳ የማይሞላ ከተማ አለች። እዚያ በ1978 እ.ኤ.አ. ድሮ ጋራዥ በነበረ ቤት ውስጥ «ዘ ኢን አት ሊትል ዋሽንግተን» የተባለ ሬስቶራንት ተከፈተ። በ2018 እ.ኤ.አ. ለሬስቶራንቶች ደረጃ የሚሰጠው የሚሽለን መመሪያ 3 ኮከብ፣ ማለትም ከፍተኛውን ደረጃ ሰጠው። ሰው ከዲሲ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ እየነዳ ይሄዳል። ስለዚህ የከተማ ትንሽነት ሰበብ አይሆንም። ትንሽ ከተማ ላይ የሚለየው ሌላ ነገር ነው፦ አንድ ነገር ሲጎድል ከጎረቤት ሮጦ መግዛት አይቻልም። የጾም ቅቤ ካለቀ አለቀ። ዋናው ሼፍ ካመመው የሚተካው የለም። ስለዚህ ቀድሞ መነጋገር ግዴታ ነው።

1. ከቦታው በፊት ሰውየውን አስቡ

ወረቀት አውጡና የሚመጡትን ሰዎች ስም ጻፉ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ሦስት ነገር አስቀምጡ፦ ጉልበቱ እንዴት ነው፣ ምን አይበላም፣ ማታ ስንት ሰዓት ላይ ይደክመዋል።

ጉልበትን መጀመሪያ ያነሣሁት በምክንያት ነው። የቢሾፍቱ ሐይቆች አብዛኞቹ የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው። ውኃው ታች ነው፣ ከተማው ላይ ነው። ቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፣ ገደሉም እንደዚያው ቁልቁል ነው። እና ውብ የሚባለው ጠረጴዛ ብዙ ጊዜ በደረጃ ወርደው የሚደርሱበት ነው። መውረዱ ቀላል ነው። ከእራት በኋላ በጨለማ፣ ጠግቦ፣ ያንኑ ደረጃ መውጣት ለ70 ዓመት ሰው ቅጣት ነው። እናቴ አንድ ጊዜ 60 ምናምን ደረጃ ወጥታ መሀል ላይ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ትንሽ ልረፍ» ብላ ስትቀመጥ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ደረጃ እቆጥራለሁ።

ስኳር ያለበት፣ ደም ግፊት ያለበት፣ ጨው የተከለከለ ሰው ካለም ጻፉት። ትልልቆቹ ራሳቸው አይናገሩም። «ያላችሁትን እበላለሁ» ብለው ቀርቦላቸው ሁለት ጉርሻ ነክተው ይተዉታል። ስለዚህ እነሱን ሳይሆን አብሯቸው የሚኖረውን ሰው ጠይቁ።

ሌላው ሥጋ ነው። በብዙ ቤተሰብ ውስጥ ዛሬ ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ። የታናሽ እህቴ ባል ሙስሊም ነው። መጀመሪያ ላይ ዝም ብሎ ሰላጣና ዳቦ ይበላ ነበር፤ ቅር እንዳይለን ብሎ። ያን ሳውቅ አፈርኩ። አሁን ለእሱ ከሙስሊም ምግብ ቤት አስቀድመን እናዝዛለን። ሬስቶራንቱም በራሱ ሳህን አሙቆ፣ ከሁላችን ጋር እኩል ሰዓት ላይ ያቀርብለታል። ይህን የሚፈቅድ ሬስቶራንት አለ፣ የማይፈቅድም አለ። በስልክ ጠይቁ። «የራሳችን ደንብ ነው» ካሉ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

2. ቀኑን ከሬስቶራንቱ በፊት ቁረጡ

አንድ ሬስቶራንት ማክሰኞና ቅዳሜ ሁለት የተለያየ ቤት ነው። ቢሾፍቱ ቅዳሜና እሑድ ትጨናነቃለች። ጥርና ሚያዝያ ደግሞ የሰርግ ወር ነው፤ ሐይቅ ዳሩ በሙሽራና በካሜራ ይሞላል። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ይከበራል። እጅግ ደስ የሚል በዓል ነው፣ ግን ያን ቀን ለጸጥታ እራት ወደ ቢሾፍቱ አትሂዱ፤ ለኢሬቻው ሂዱ።

ቀኑን መቀየር የምትችሉ ከሆነ ሐሙስ ማታ ወይም እሑድ ምሳ እመርጣለሁ። ሐሙስ ማታ ቤቱ ባዶ ነው፣ ሼፉ ጊዜ አለው፣ ዲጄም የለም። እሑድ ምሳ ሰው ይበዛል፣ ግን ቀን በቀን ስለሆነ ለትልልቆቹ ይመቻል፤ በጊዜም ቤት ይገባል።

ከዚያ የጾሙን ነገር ተመልከቱ። ረቡዕና ዓርብ የታወቀ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ከኅዳር 15 እስከ ገና ጾመ ነቢያት አለ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው። በሌላ በኩል ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ይህን ረስቶ ቀን የሚያባክን ብዙ ነው። ልደቱ ወይም የጋብቻ ዓመቱ ጾም ላይ ከዋለ ሁለት ምርጫ አላችሁ፦ ቀኑን ማዛወር ወይም ከልብ የጾም ገበታ ማዘጋጀት። ግማሹ ክትፎ እየበላ እናቱ ፊት ሽሮ የሚያስቀምጥ ድግስ አይመቸኝም። የቀኑ ባለቤት ከጾመ ሁሉም የጾም ይብላ።

በጾም ቀን እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ትልልቅ ሰዎች እንዳሉም አትርሱ። የ6 ሰዓት ተኩል ምሳ ይዛችሁባቸው እጃቸውን አጣጥፈው ሲያዩአችሁ መዋል ነው። 9 ሰዓት ተኩል ላይ ቅጠሩ። ረመዳን ከሆነና ጿሚ ካላችሁ ደግሞ ገበታው ከመግሪብ ጋር ይግጠም፣ ቴምርና ውኃም አስቀድሞ ጠረጴዛው ላይ ይኑር።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ እራት ከሆነ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ድረሱ። ፀሐይ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ትጠልቃለች። በ1 ሰዓት የደረሰ እንግዳ ሐይቅ አያይም፤ ጥቁር ነገር ነው የሚያየው። ለሐይቁ ብላችሁ 45 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ሐይቁን አለማየት ያሳዝናል።

3. ሦስት ስም ይዛችሁ ደውሉ

ከሦስት በላይ አትያዙ፣ ትደናገራላችሁ። ስሞቹን ከፎቶ ሳይሆን ከሰው ውሰዱ፦ በቅርብ እናቱን ይዞ ከሄደ ሰው። «ቆንጆ ነው» ካላችሁ አትርኩ። «እናትህ ምን በላች? የት ተቀመጠች? ደግማ መሄድ ትፈልጋለች?» በሉት።

ስትደውሉ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ይሁን። ያኔ ወጥ ቤቱ አልተወጠረም። የምጠይቀው ይህን ነው፦

የምንመጣበት ቀን ሙዚቃ አለ? ቀጥታ ነው ዲጄ? ስንት ሰዓት ይጀምራል?
ለብቻው የሆነ ክፍል ወይም በረንዳ አለ?
የጾም ምን ምን አላችሁ?
መብራት ቢጠፋ ጀነሬተር ለወጥ ቤቱም ነው ለአምፖል ብቻ?

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ጆሯችሁን አቅኑ። «ሁሉም አለ» የሚል መልስ ከመጣ ልቤ አይረጋም። ሁሉም አለ ያለ ቤት በዕለቱ «አሁን አለቀ» ይላል። «የጾም ሽሮ፣ የምስር ወጥ፣ ምስር ሳምቡሳ፣ የአትክልት ሾርባ አለን፤ እንጉዳይ ከፈለጋችሁ ግን ከሁለት ቀን በፊት ንገሩን» ያለ ሰው ወጥ ቤቱን ያውቀዋል። ያ መልስ ከማንኛውም ፎቶ ይበልጥብኛል።

4. አንድ ቀን ሄዳችሁ ብሉ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ነው የሚጸጸተው። ከሦስቱ የተሻለ መልስ የሰጣችሁን መርጣችሁ ሂዱ። ብቻችሁን ወይም ከአንድ ወንድም ወይም እኅት ጋር። ውጭ አገር ሆናችሁ ወላጆቻችሁን የምትጋብዙ ከሆነ የምሳውን ብር ልካችሁ አዲስ አበባ ያለውን ሰው አሰማሩ። ዱባይ ሆኖ በፎቶ መምረጥ አይሆንም። የአንድ ምሳ ወጪ ነው፤ የተበላሸ ልዩ ቀን ግን አይመለስም።

ከመኪና ስትወርዱ ጀምሩ። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ወንበሩ ስንት ደረጃ አለ? መደገፊያ ብረት አለው? ማታ መብራት አለው? መሬቱ ጠጠር ነው? በተረከዝ ጫማ የሚመጡ አክስቶች አሉ።

ወደ መጸዳጃ ቤቱ ሂዱ። እዚህ ላይ አትፈሩ። ውኃ ይፈሳል? ሳሙና አለ? በሩ ይቆለፋል? ወለሉ እርጥብ ነው? መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ የሆነ ቤት ወጥ ቤቱ ቆሻሻ የሆነበት ጊዜ በበኩሌ አላጋጠመኝም፤ መጸዳጃ ቤቱ ቆሽሾ ወጥ ቤቱም የቆሸሸ ቤት ግን ደጋግሞ አጋጥሞኛል።

አሁን ተቀመጡ፦ በዕለቱ ልትቀመጡበት በምታስቡት ወንበር ላይ። ወንበሩ መደገፊያ አለው ወይስ ባህላዊው ዝቅ ያለ በርጩማ ነው? በርጩማው ያምራል። ለአባቶቻችን ግን መነሣት ይከብዳቸዋል። ሞሶቡ እንዳለ ሆኖ ከፍ ያለ ወንበር እንዲያደርጉ መጠየቅ ይቻላል፤ ብዙ ቤት መጋዘኑ ውስጥ ደህና ወንበር አለው።

ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ስፒከሩ የት ነው? ከራሳችሁ በላይ ነው? ጎን ያለው አዳራሽ ድምፅ ይገባል? አብሯችሁ ያለውን ሰው ጠረጴዛው ሌላ ጫፍ ላይ አስቀምጡትና በአባታችሁ ድምፅ ልክ አንድ ነገር ንገሩት። ጮክ ሳትሉ። ካልሰማ ሌላ ጠረጴዛ ሞክሩ። ከግድግዳ ጋር የተጠጋ፣ ከመተላለፊያ የራቀ ጥግ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ሐይቁን ፊት ለፊት የሚያየው ጠረጴዛ በነፋሱ የተነሣ ለወሬ የማይመች ሊሆን ይችላል። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ከኅዳር እስከ ጥር ማታ ማታ ትበርዳለች። ቢንቢም ከጨለመ በኋላ አይጠፋም። ስለዚህ መስታወት ያለው ክፍል ካለ እሱን ያዙ፤ ቀን ላይ በረንዳ፣ ሲመሽ ወደ ውስጥ።

ከዚያ እዘዙ። ውድ ነገር አይደለም የማዝዘው። አንድ ሾርባ፣ አንድ ሽሮ፣ አንድ ዓሣ። ሽሮ ሲባል ሰው ይገረማል፤ ግን ሽሮን በጥንቃቄ የሠራ እጅ ሌላውንም አይጥልም። ሽንኩርቱ በስሏል? በርበሬው ጥሬ ጥሬ አይልም? እንጀራው ዓይን አለው? የዛሬ ነው ወይስ ትናንት የተጋገረ? ጠርዙን በጣት ስታነሡት የሚሰነጠቅ ከሆነ የቆየ ነው። ዓሣው ሲመጣ ጠይቁ፦ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው? ከየት መጣ፣ ከባቱ ወይስ ከሐዋሳ? መቼ ገባ? ደህና ቤት በዚህ አይከፋም።

በዚህ መንገድ ነው አሁን የምወደውን ቤት ያገኘሁት። አስተናጋጇ ወጣት ልጅ ናት። ስለ ዓሣው ስጠይቃት «አላውቅም፣ ልጠይቅልህ» አለችና ወደ ወጥ ቤት ገባች። ስትመለስ ብቻዋን አልነበረችም። ወጥ ቤት የሚሠሩ አንዲት እናት ሽርጣቸውን እንዳሰሩ፣ እጃቸውን በፎጣ እየጠረጉ አብረዋት መጡ። «ዓሣው ትናንት ማታ ነው የገባው ልጄ» አሉኝ። «ለመቼ ነው የፈለግከው? ለእናትና አባት ከሆነ እኔ በዕለቱ ጠዋት አስመጣለሁ። እሾሁንም ራሴ አወጣዋለሁ፤ ትልቅ ሰው እሾህ ያስቸግረዋል።» ስለ እሾሁ እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም ነበር። እዚያው ቀብድ ከፈልኩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰዓታችሁን ተመልከቱ። ሾርባው በስንት ደቂቃ መጣ? ዋናውስ? ሁለት ሰው በባዶ ቤት አንድ ሰዓት ከጠበቀ 15 ሰው በሞላ ቤት ምን ያህል እንደሚጠብቅ አስቡት።

5. ምግቡን ከወጥ ቤቱ ጋር ተስማሙ

በዕለቱ ሜኑ እያነበቡ ማዘዝ ለትልቅ ቤተሰብ አይሆንም። አንዱ ፔፐር ስቴክ፣ አንዱ ላዛኛ፣ አንዱ ጥብስ ካለ ምግቡ በየተራ ይወጣል፤ ግማሹ ሲበላ ግማሹ ያያል። ከሦስት ቀን በፊት አራት አምስት ዓይነት ምግብ ቆርጣችሁ ስጡ።

ዶሮ ወጥ ከፈለጋችሁ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ተናገሩ። ሽንኩርቱ ብቻ ሰዓታት ይፈልጋል። 12 ብልት ወጥቶ፣ በሎሚና በጨው ታጥቦ፣ ተቁላልቶ የሚሠራ ነገር «አሁን ይደርሳል» አይባልም። በአንድ ሰዓት ውስጥ የደረሰ ዶሮ ወጥ ከመጣላችሁ ሽንኩርቱ በደንብ አልበሰለም ማለት ነው። ለቀኑ ባለቤት የትኛው ብልት እንደሚቀርብም ንገሯቸው። አባዬ ፈረሰኛ ካልደረሰው ዶሮ በልቻለሁ አይልም።

ክትፎ ከሆነ ለትልልቆቹ ለብ ለብ ወይም ብስል አስለዩ። ሐኪም ጥሬ ሥጋ የከለከላቸው ይኖራሉ። አይቡና ጎመኑ ከጎን ይሁን።

የጾም ምግብ ላይ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙ፦ ድስቱና ጭልፋው ይለይ። ይህን ስትሉ «እሺ» ማለታቸው አይበቃም። ማን እንደሚሠራው ስሙን ጠይቁ፤ ስሙን የሰጠ ሰው ይጠነቀቃል። ዓሣ በጾም የሚበላና የማይበላ አንድ ቤት ውስጥ አለ፤ ቤተ ክርስቲያን አትፈቅድም፣ ብዙ ሰው ግን ይበላል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ መከራከሪያ እንዳይሆን አስቀድማችሁ እወቁ። ኬኩ የጾም ኬክ መሆኑንም አረጋግጡ። ኬክ ከአዲስ አበባ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ፍሪጅ ይኑር አይኑር ጠይቁ፤ ክሬም በመኪና ሙቀት አንድ ሰዓት አይቆይም።

መጠጡ ላይ ብዙ አልልም። የራሳችሁን ወይን ይዛችሁ ለመግባት ክፍያ ሊኖር ይችላል፣ ጠይቁ። የአገር ውስጥ ወይን ከተፈለገ ባቱ ከሚበቅለው ወይን የሚሠሩት ሪፍት ቫሊና አካሺያ አሉ፤ ለስለስ ያለ ለሚወዱ እናቶች ጣፈጥ ያለው አካሺያ ይሆናል።

ቡና ግን ይኑር። በስኒ የሚመጣ የማሽን ቡና ሳይሆን እዚያው የሚፈላ፣ ከነፈንዲሻውና ከነዕጣኑ። በብዙ ቤተሰብ ምርቃቱ የሚመጣው ከቡናው ጋር ነው። ቡናው ሲፈላ ሰው ይረጋጋል፣ ልጆች ይቀመጣሉ፣ ስልክ ይወርዳል።

6. ሒሳቡን ከወዲሁ ጨርሱ

ዋጋ ስትጠይቁ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ቫትና ሰርቪስ ጨምሮ ነው?» ቫት 15 በመቶ ነው። ብዙ ሪዞርትና ሆቴል በዚያ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ይጨምራል። ሜኑ ላይ 10,000 ብር የመሰላችሁ ገበታ ሒሳቡ ሲመጣ ከ12,500 ብር በላይ ነው። ለ15 ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ቀብድ ስትከፍሉ በቴሌብር ወይም በባንክ ይሁን፣ ደረሰኙን ያዙ። የተስማማችሁበትን ነገር ሁሉ፣ ቀኑን፣ የሰው ብዛት፣ የትኛው ጠረጴዛ፣ ምን ምን ምግብ፣ ሙዚቃው ስንት ሰዓት ላይ ዝም እንደሚል፣ በአጭሩ ጽፋችሁ ለማናጀሩ በቴክስት ላኩለት። «ደርሶኛል» ብሎ ይመልስላችሁ። ትንሽ ከተማ ላይ ማናጀር ይቀያየራል፤ አዲሱ ሲመጣ የምታሳዩት ይኖራችኋል።

ማን እንደሚከፍልም ከዚያ ቀን በፊት ይታወቅ። የእኛን ነገር ታውቁታላችሁ። ሒሳብ ሲመጣ አጎት ይነሣል፣ አባት ኪሱ ይገባል፣ «በሞቴ እኔ ልክፈል» ይባላል፣ አስተናጋጇ መሀል ቆማ ትቸገራለች። ተጋባዡ ራሱ ለመክፈል የሚታገልበት ግብዣ ደስ አይልም። የቀረውን ሒሳብ ምግቡ ሳይቀርብ ጨርሱትና ለአስተናጋጇ «ሒሳብ የሚባል ነገር ወደ ጠረጴዛው እንዳይመጣ» በሏት። ጉርሻዋንም ያኔ ስጧት። መጨረሻ ላይ የሚሰጥ ጉርሻ ምስጋና ነው፤ መጀመሪያ ላይ የሚሰጥ ደግሞ ዓይኗን እናንተ ላይ ያሳርፍላችኋል።

7. በዕለቱ

ጠዋት ደውሉ። «እንመጣለን» ለማለት ሳይሆን «ዓሣው ገባ? እንጀራው ተጋገረ?» ለማለት። ከእናንተ አንዱ ከእንግዶቹ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይድረስ። ጠረጴዛው እንደተባለው ነው? ወንበሩ? ስፒከሩ ጠፍቷል?

ትልልቆቹን ጀርባቸው ወደ ግድግዳ፣ ፊታቸው ወደ ሐይቁ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከመተላለፊያው ጎን የሚቀመጡት ወጣቶች ይሁኑ። መኪናው ውስጥ ሁለት ሦስት ጋቢ ይኑር። የሚነዳው ሰው እንዳይጠጣ ቀድማችሁ ለዩት፤ ሲመለሱ መንገዱ ላይ ከባድ መኪና ይበዛል። ከመሸ ደግሞ እዚያው ማደር ሊሻል ይችላል፤ ቢያንስ ለትልልቆቹ አንድ ክፍል ያዙ።

የወላጆቼን 40ኛ የጋብቻ ዓመት ያከበርነው እነዚያ እናት ካሉበት ቤት ነው። ሐሙስ ነበር። ዓሣው እሾህ አልነበረውም። አባዬ ፈረሰኛው ደርሶታል። ፀሐይዋ ከማዶ ገደሉ ጀርባ ስትገባ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባን፣ ቡናው ተፈላ። ሁለተኛው ስኒ ላይ አባዬ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ተነሣ።

አስተናጋጇ ትሪ ይዛ ልትገባ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። አየችው። ትሪውን ውጭ ያለው ጠረጴዛ ላይ በቀስታ አስቀመጠች፣ በሩን ከኋላዋ ዘጋች፣ ነጠላዋን አስተካክላ እዚያው ቆመች። አባዬ እጁን ዘረጋ። «ልጆቼ» ብሎ ጀመረ፣ በዚያ በሚያስተምርበት በረጋ ድምፁ። እያንዳንዱን ቃል ሰማን። «አሜን» ስንል ከበሩ በኩል የእሷም ድምፅ አብሮ ነበር።